«ይሄ ፊልም የካቶሊክ ነው?»፦ ስለ ኢየሱስ ፊልሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በየዓመቱ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኮሚዩናሉ ውስጥ የጌታን ሕማም የሚያሳይ ፊልም እናያለን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን። ፕሮጀክተር እንዋሳለን፤ ወንበሩን ከእድር እናመጣለን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ይመጣል። ጥቂት ካቶሊኮችም አሉን። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ክርክሩ ይጀመራል።

አንድ ዓመት ነገሩ ከረረ። አንድ ወንድም ብድግ ብሎ «ይሄ የካቶሊክ ስብከት ነው፣ ልጆቻችንን አታሳዩብን» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ካቶሊክ ጎረቤታችን ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነሱትን ጥያቄዎች መጻፍ ያዝኩ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከወንጌላውያን ቤተሰብ ናት። ስለዚህ ክርክሩ ቤቴም ውስጥ አለ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» በእርግጥ የካቶሊክ ፊልም ነው?

የሠራው ሰው ካቶሊክ ነው፤ የፊልሙም መንፈስ ካቶሊካዊ ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሜል ጊብሰን ፊልሙን በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ምዕራባውያን ካቶሊኮች ዐቢይ ጾማቸውን በሚጀምሩበት ቀን ነው። ኢየሱስን ሆኖ የተጫወተው ጂም ካቪዜልም ካቶሊክ ነው። ቀረጻው ጣልያን ውስጥ ሲካሄድ በላቲን ቅዳሴ ይቀደስ ነበር።

ግን «ቫቲካን ያሠራው ነው» የሚለው ስህተት ነው። ጊብሰን የሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ (በ1960ዎቹ የካቶሊክን ሥርዓት ያደሰውን) ለውጦች ከማይቀበሉት ወገን ነው። ገንዘቡንም ያወጣው ከራሱ ነው፤ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ድንግል ማርያምን ሆና የተጫወተችው ማያ ሞርገንስተርን ደግሞ ሩማንያዊት አይሁዳዊት ናት። አሜሪካ ውስጥ ትኬቱን በጅምላ እየገዙ ምዕመናቸውን ሲኒማ ቤት ካስገቡት መካከል ብዙ የወንጌላውያን ፓስተሮች አሉ። በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ የፕሮቴስታንቱ እጅ ቀላል አልነበረም።

እሺ፣ ከአራቱ ወንጌላት ውጭ የገባው የትኛው ነው?

እኔ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው። «ካቶሊክ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ከመፋጠጥ ይልቅ ትዕይንቱን አንድ በአንድ ማየት ብዙ ያስተምራል።

መጀመሪያ አንዲት መነኩሲት እንወቅ። አና ካትሪና ኤመሪክ ትባላለች። ከ1774 እስከ 1824 የኖረች ጀርመናዊት ናት። የአልጋ ቁራኛ ሆና ስለ ጌታ ሕማም ራእይ አየሁ ትል ነበር። እሷ የተናገረችውን ክሌመንስ ብሬንታኖ የተባለ ባለቅኔ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1833 ወጣ። ጊብሰን ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ወስዷል። ጌቴሴማኒ ከተያዘ በኋላ ኢየሱስ ከድልድይ ላይ ሲጣል የሚታየው ከዚያ ነው። የጲላጦስ ሚስት ለማርያም ነጭ ጨርቅ ስትሰጣት፣ ማርያምና መግደላዊትም በዚያ ጨርቅ ከግርፋቱ ቦታ ደሙን ሲያብሱ የምናየው ከዚያ ነው። ክንዱ ለሚስማሩ ከተበሳው ቀዳዳ ጋር እንዲገጥም የተጎተተበትም እንዲሁ። ባለቤቴ ያንን ጨርቅ ባየች ቁጥር «ይሄ የት ነው የተጻፈው?» ትላለች። ልክ ናት። በወንጌል አልተጻፈም።

ሁለተኛው ምንጭ ካቶሊኮች ፍኖተ መስቀል የሚሉት ጸሎት ነው። 14 ምዕራፎች አሉት። ከጲላጦስ ፍርድ ተነስቶ መቃብር ላይ ያበቃል። ቁጥሩ በ14 የጸናው በ1731 ነው። አብዛኛው ከወንጌል ነው፤ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን መሸከሙ ለምሳሌ የተጻፈ ነው። ሦስት ጊዜ መውደቁ፣ በመንገድ እናቱን ማግኘቱ፣ ቬሮኒካ የምትባል ሴት ፊቱን በጨርቅ መጥረጓ ግን በወንጌል የሉም። ፊልሙ ውስጥ ሁሉም አሉ። መጨረሻ ላይ ማርያም አስከሬኑን ታቅፋ ወደ ተመልካቹ የምታይበት ምስልም የአውሮፓ ቀራጮችና ሠዓሊዎች ለዘመናት የሠሩት ነው።

ሦስተኛው የዳይሬክተሩ የራሱ ምናብ ነው። ሰይጣን ሕፃን ታቅፎ በሕዝቡ መካከል ሲያልፍ የሚታየው የካቶሊክ ትምህርት አይደለም። ሰው ግን ይህንንም «ካቶሊክ» ይለዋል።

አንድ ትዕይንት ለብቻው ይነሳ። ጴጥሮስ ጌታውን ከካደ በኋላ ወደ ማርያም መጥቶ ተንበርክኮ «እናቴ» ይላታል፤ በደሉንም ይነግራታል። የወንጌላውያን ጎረቤቶቻችንን ልብ የሚወጋው ከደሙ ይልቅ ይህ ነው። «በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው» የሚለውን የ1ኛ ጢሞቴዎስ ቃል ይዘው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ስጋታቸውን ማንኳሰስ ተገቢ አይመስለኝም። ማርያም በመስቀሉ ሥር መቆሟ ግን ዮሐንስ 19 ላይ በግልጽ ተጽፏል። እሷን በዚያ ቦታ ማየት የማንም ፈጠራ አይደለም።

ኦርቶዶክስ ነኝ። ፊልሙ የእኛ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

አልተሳሳትክም፤ ግን ለምን የአንተ እንደመሰለህ ማወቅ ጥሩ ነው። እኛ ራሳችን የጌታን ሕማም ከአራቱ ወንጌላት ብቻ አልተማርንም። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት የሚባለው መጽሐፍ ይነበብልናል። ካቶሊኮች 14 ምዕራፍ ሲሉ እኛ 13ቱ ሕማማተ መስቀል እንላለን። ስንት ጊዜ ተገረፈ ሲባል 6,666 ብለን ነው ያደግነው። በቀኙና በግራው የተሰቀሉትን ወንበዴዎች ጥጦስና ዳክርስ ብለን በስም እናውቃቸዋለን። ወንጌል ስማቸውን አይጠራም። ፊልሙ የጲላጦስን ሚስት ደግ አድርጎ ሲያሳያት የእኛ እናቶች አይገርማቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን ጲላጦስንና ሚስቱን አብሮቅላን ሰኔ 25 ታስባቸዋለች። ሮም ጲላጦስን እንዲህ አታስበውም። እዚህ ላይ እኛ ከካቶሊኩም አልፈን ሄደናል።

እናም ሌላ ነገር አስተውሉ። ተዋሕዶና ካቶሊክ የተለያዩት በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ነው። ጉዳዩ የክርስቶስ ባሕርይ ነበር። በኋላ ደግሞ የመንፈስ ቅዱስ ሥርፀት (ከአብ ብቻ ነው ወይስ ከወልድም የሚወጣው የሚለው) እና የፓፓው ሥልጣን ሌላ ልዩነት ሆኑ። ከእነዚህ አንዱም ፊልሙ ላይ አይታይም! ሰው «ካቶሊክ ነው» የሚለው የማርያምን እንባ፣ የጨርቁን፣ የመውደቁን ነገር ነው። የምንለያይበት እዚያ አይደለም።

ታዲያ «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ለምን ያስደነግጠናል?

ታሪክ አለው። ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ አገራችን የገባው በ1603 ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ከዚያ ሮም የላከችው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣና ጥምቀቱንም ሥርዓቱንም ልለውጥ አለ። አገሩ በደም ተጨማለቀ። በ1632 ሱስንዮስ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ይህ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቁስል ነው። አያቶቻችን «የሮም» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ሲሰሙ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ግን ያው ዘመን ሌላም ነገር ትቶልናል። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ያመጡት ኢየሱሳውያን ናቸው። ልጇን ታቅፋ የምትታይበት፣ ዛሬ በየቤታችን ያለው ሥዕል ከዚያ ብዙ እንደወሰደ የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ኵርዓተ ርእሱንም አስቡት። የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1868 መቅደላ ላይ እንግሊዞች ዘረፉት። የሣለው እጅ አውሮፓዊ ነው። ሥዕሉን የእኛ ያደረገው በፊቱ የተለቀሰው እንባ ነው።

የእናቴ ሳሎን ውስጥ ከንግሥ ገበያ የተገዛ ፖስተር ተሰቅሏል። ጌታ ደረቱ ላይ እሾህ የከበበው ልቡን ያሳያል። ይህ ሥዕል የተስፋፋው ማርጋሬት ሜሪ አላኮክ ከተባለች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊት መነኩሲት ራእይ ነው። እናቴ ግን ከ30 ዓመት በላይ በፊቱ ጸልያለች። «የካቶሊክ ነውና እናውርደው» የሚል ልጅ ቢመጣ እኔ አልፈቅድለትም። አስተምራት ግን እላለሁ።

የ1979ው የኢየሱስ ፊልም ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው?

የወንጌላውያን ወንድሞች የሚመርጡት እሱን ነው። ምክንያትም አላቸው። ሉቃስ ወንጌልን ይዞ የሚሄድ ፊልም ነው። ያሠራውም ቢል ብራይት የመሠረተው የወንጌላውያን ድርጅት ነው። ከ2,000 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። አማርኛውን በየገጠሩ በአንሶላ ላይ ያየ ብዙ ነው። ቬሮኒካ የለችበትም፤ የመነኩሲት ራእይም የለበትም።

ያም ቢሆን ምርጫ የሌለበት ፊልም አይደለም። የጌታን ፊት፣ ድምፅ፣ አረማመድ የመረጠ ሰው አለ። ሉቃስ ስለ ፊቱ አንድም ቃል አልጻፈም። የካቶሊክ ተጽዕኖ የለበትም ማለት የሰው እጅ የለበትም ማለት አይደለም።

«ዘ ቾዝን» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ኢየሱስን የሚጫወተው ካቶሊክ ነው ይባላል። እንየው?

ጆናታን ሩሚ ካቶሊክ ነው፤ እምነቱንም በአደባባይ ይናገራል። ዳይሬክተሩ ዳላስ ጄንኪንስ ግን ወንጌላዊ ነው። ጽሑፉን አንድ የካቶሊክ ቄስ፣ አንድ የወንጌላውያን የመጽሐፍ ቅዱስ መምህርና በኢየሱስ የሚያምን አይሁዳዊ ረቢ ያዩታል። የሚጨንቀኝ የተዋናዩ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ተከታታዩ የሐዋርያትን የቤት ኑሮ በምናብ ይሞላል። የጴጥሮስ ዕዳ፣ የማቴዎስ ጠባይ፣ ብዙው የጸሐፊዎቹ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ይናገራሉ። ወጣቶቻችን ግን ከወንጌል አስቀድመው ፊልሙን ስላዩት ይቀላቅሉታል። አንድ ልጅ ጥናት ላይ የፊልሙን ንግግር የወንጌል ጥቅስ አድርጎ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ካቶሊኮች በፊልም ላይ ይህን ያህል እጅ እንዴት ኖራቸው?

ሕማሙን በድራማ ማሳየት የቆየ ልማዳቸው ነው። ኦበራመርጋው በተባለች የባቫሪያ (ጀርመን) መንደር ሰዎች ወረርሽኝ ቢያልፍልን ብለው ተሳሉ፤ ከ1634 ጀምሮ የጌታን ሕማም በመድረክ ያሳያሉ። ሆሊውድ ሲመጣም ቀድመው ገቡ። በ1927 የወጣውን ትልቁን የኢየሱስ ፊልም ካማከሩት አንዱ ዳንኤል ሎርድ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር። በ1930 የሆሊውድን የሥነ ምግባር ደንብ በመጻፍም እጁ አለበት። ሳንሱሩ ከ1934 ጀምሮ ሲጠነክር የሚመራው ጆሴፍ ብሪን ካቶሊክ ነበር። ይህ ሴራ አይደለም። ሌላው ወገን ሲኒማን «የዲያብሎስ ቤት» ብሎ ሲሸሽ እነሱ ገብተው ሠሩበት።

ካቶሊኮች ራሳቸው ይስማማሉ?

አይስማሙም። በ2006 የልደትን ታሪክ የሚያሳይ «ዘ ኔቲቪቲ ስቶሪ» የተባለ ፊልም መጀመሪያ የታየው ቫቲካን ውስጥ ነበር። ሆኖም ማርያም ምጥ ሲይዛት በማሳየቱ የተቆጡ ካቶሊኮች ነበሩ። እመቤታችን ያለ ምጥ ወለደች ብለን የምናምን እኛም ከእነሱ ጋር በተቆጣን ነበር። የኤመሪክም ነገር እንዲሁ ነው። ሮም በ2004 ብፅዕት (ከቅድስና በፊት ያለ ማዕረግ) ብላ ስትሰይማት መጽሐፉን ከማስረጃው ውጭ አድርጋለች፤ የቱ የእሷ፣ የቱ የብሬንታኖ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

የአማርኛው ትርጉምስ?

ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ዋናው ይመስለኛል። «ዘ ፓሽን» የተሠራው በአራማይክ፣ በላቲንና በዕብራይስጥ ነው። የግርጌውን ጽሑፍ ማንበብ ለሚከብዳቸው እናቶች አንድ ልጅ ማይክ ይዞ ይተርካል። አንድ ዓመት ተራኪው «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም መጣች» አለ። ከፊት ያሉት «አሜን» አሉ፤ ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ «ማርያም መጣች» ብሎ ቢያልፈው እናቶች አዘኑ፤ «እንደ ጎረቤት ልጅ ጠራት» አሉ። ፊልሙ ያው አንድ ፊልም ነው። በአማርኛ ስትጠራት ቤተ ክርስቲያንህን አብረህ ትናገራለህ። አሁን «እናቱ ማርያም» እንላለን። የዮሐንስ ወንጌል «እናቱ» ይላታልና ማንም አልተቃወመም።

ፊልም ራሱ ምስል አይደለም? ዘጸአት 20 ይከለክል የለም?

ይህን በቅንነት የሚጠይቁ ወንጌላውያን አሉ፤ የጌታን ፊት በምንም ፊልም አያዩም። ከኦርቶዶክሱም ወገን የሚከብደው አለ። ቅዱስ ሥዕል በጸሎት ይሣላል፣ ይባረካል፤ ተዋናይ ግን ነገ ሌላ ፊልም ላይ ሽፍታ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱም ለጌታ ክብር መጠንቀቅ ነው። እንዲህ የሚሉትን ኑ ብለን አናስጨንቃቸውም። እኔ ሥዕልን የምቀበል ነኝ፤ የተዋናይን ፎቶ ግን ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም።

ልጆች ይዩት?

«ዘ ፓሽን»ን አይዩት። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም። ልጆቹን ብሎኩ ሥር መዝሙር እናስጠናቸዋለን።

በሰፈራችን ለማሳየት ብናስብ እንዴት እናድርግ?

የስቅለት ዕለት አይሁን። ኦርቶዶክሱ ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ነው፤ ወንጌላውያኑም ጉባኤ አላቸው። ፋሲካን ሁላችንም በአንድ ቀን ስለምናከብር የሆሳዕና ዋዜማ ለሁሉም ይመቻል። ጀነሬተር አዘጋጁ፤ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ጎልጎታ ላይ ስንደርስ ነው። ከፊልሙ በፊት ዮሐንስ 18 እና 19 ይነበብ፣ ሙሉውን። ሰው ከጆሮው ያልጠፋ ቃል ይዞ ሲያይ የተጨመረውን ራሱ ይለየዋል። በፊልሙ መሐል ማንም አስተያየት አይስጥ። ሲያልቅ ከሦስቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይናገር፤ ስለ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ብቻ። «እነሱ እንዲህ ያምናሉ» ማለት ክልክል ነው። ይህች ሕግ ሰፈራችንን አድናዋለች።

ካቶሊክ ነኝ። «ይሄ የካቶሊክ ነው» ተብሎ ሲወገዝ ምን ልበል?

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። እዚህ አዲስ አበባ በግእዝ ይቀድሳሉ፤ ከእኛ ጋር ይጾማሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው መሐል አንድ ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ያቺ ነጠላዋን ተከናንባ የወጣች ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያስከፋት መተቸቱ አልነበረም። «የመነኩሲቷን ራእይ እኔም የማመን ግዴታ የለብኝም» አለችኝ። «የማምነውን ማንም ሳይጠይቀኝ ተፈረደብኝ፤ እሱ ነው ያመመኝ።» ያ ወንድምም ይህን ሲሰማ ቤቷ ድረስ ሄደ። አሁንም ፊልሙን አይወደውም፤ ጴጥሮስ የተንበረከከበት ቦታ ሲደርስ ተነስቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። ግን ወንበሮቹን ከእድር የሚያመጣው እሱ ነው።

ዘንድሮ ዮሐንስ 19ን የምታነብልን እሷ ናት። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ ኮሚዩናሉ ውስጥ። ወንበር ስለሚያንስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።